ልብሽ ለምን መታ?

የሻረግ መሳቅ ያቆመችው አሥራ አንደኛ ክፍል በገባችበት ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ ነው። አልታመመችም፤ ሐዘንም አልደረሰባትም። ሳቅ ልብን ስለሚያስሮጥ ብቻ ነው።

በዚያ ዘመን ደሴ ላይ የጥንት ስሞች እንደገና ፋሽን ሆነው ነበር። ሶልያና እና ናሆም የአያቶች ስም ሆነው ቀርተዋል፤ ልጆቹ የሻረግ፣ ይመር፣ ውድነሽ ይባላሉ። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው መኪና አይጠብቅም፤ በገመዱ ይሄዳል። ገመዱ የሐረጎን ዳገት ከላይ ከላይ እያቋረጠ የሚንሸራተት፣ መስታወት በመስታወት የሆነ ማጓጓዣ ነው። የልጅቷ እናት ኤልሻዳይ የላይኛው ጣቢያ ተቆጣጣሪ ናት።

ፍቅረኛ የያዘ ወጣት ደግሞ «አብሮ» የሚባል ነገር ያስር ነበር። አብሮ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ቀጭን ቀይ ማሰሪያ ነው፤ የሚሸጠው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው። አንደኛውን ያሰረ ሰው፣ ሌላኛውን ያሰረው የት እንዳለ፣ ከማን ጋር እንደተቀመጠ፣ ልቡ እንዴት እንደሚመታ በገዛ እጁ ላይ ያያል። ለመፍታት የሁለቱም አውራ ጣት ያስፈልጋል። ሻጮቹ ይህንን የሚያወሩት እንደ ምርቃት ነው። ጣቢያው ግድግዳ ላይ «ልብህ የት እንዳለች እወቅ» የሚል ማስታወቂያ ቀኑን ሙሉ ይበራል። ቆሞ የሚያነበው የለም፤ ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል።

ይመር የሻረግን የወደዳት ስትዘል አይቶ ነው። እሷ የትምህርት ቤቱ መረብ ኳስ ቡድን አጥቂ ነበረች፤ እሱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪና የትምህርት ቤቱ ባንድ ዘፋኝ። አንድ ቀን ከመረቡ በላይ ተንጠልጥላ ኳሷን ቁልቁል ስትመታ አየና፣ ጨዋታው ሲያልቅ ውኃ ይዞ መጣ። «እንዲህ የሚዘል ሰው መሬት ላይ ምን ይሠራል?» አላት። የሻረግ ሳቀች። ያኔ ሳቋ ገና ከእሷ ጋር ነበር።

አብሮውን ያመጣው በልደቷ ቀን ነው። እናቷ ስታየው ፊቷ በራ። «እሰይ! ልጄ የት እንዳለች የሚያውቅልኝ ሰው ተጨመረልኝ» አለች። የሻረግም ደስ አላት። ክፍል ውስጥ እጃቸው ባዶ የሆኑት ልጆች እጃቸውን እጅጌያቸው ውስጥ ነበር የሚደብቁት።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጣፋጭ ነበሩ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጣ ሳለ እጇ ላይ ሞቅ ሲላት፣ ይመር ስለ እሷ እያሰበ እንደሆነ ታውቃለች። ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዞ ከጣቢያው በር ላይ ይጠብቃታል። ጥያቄው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«ዛሬ ከሰዓት ልብሽ ለምን መታ?»

«ስፖርት ነበረን።»

«ከስፖርት በኋላስ?»

«መሬማ አሳቀችኝ።»

«ምን ብላ?»

የሻረግ ልታስታውስ ሞከረች። የመሬማ ቀልድ እንደሆነ በፊቷ፣ በዓይኗ፣ በአካሄዷ ነው እንጂ በቃል አይደገምም። «እንጃ፣ ረሳሁት» አለች።

«ረሳሁት» ብሎ ደገመው ይመር። አልተቆጣም። ጃንጥላውን አጠፈና ዝናቡ ውስጥ ጥሏት ሄደ። በማግስቱ ይቅርታ ጠየቃት፤ ጽጌረዳም አመጣ። «ስለምወድሽ እኮ ነው። ለማልወዳት ልጅ ልብ ምን ጨነቀኝ?» አላት። የሻረግም አሰበችውና እውነት መሰላት።

የዚያን ዓመት በሴቶቹ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ልብ ስለማርገብ የማይወራበት ቀን አልነበረም። አንዷ ፊትሽን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠቢ ትላለች። ሌላዋ ደረጃ አትውጪ፣ ዙሪ ትላለች። የሚያስቅ ነገር ከመጣ ምላስሽን ንከሺ፤ የሚያስደነግጥ ከመጣ ወደ ኋላ ቁጠሪ። ይህን የሚያወሩት የፀጉር አሠራር በሚያወሩበት ድምፅ ነው። የሻረግ ጎበዝ ተማሪ ስለነበረች ይህንንም ቶሎ ለመደችው። ጠዋት ከቤት ስትወጣ በዝግታ ትራመዳለች። ምሳ የምትበላው ብቻዋን ነው። ልምምድ ላይ ኳስ ሲነሳላት ግማሽ ትዘላለች። ማታ ይመር በመልእክት መቀበያው ደውሎ «ዛሬ ጎበዝ ነበርሽ፣ ቀኑን ሙሉ ረጋ ብለሽ ዋልሽ» ሲላት ፈተና ያለፈች ይመስላታል።

አሠልጣኙ ጋሽ ሙሄ መጀመሪያ ጉልበቷን የታመመች መስሏቸው ነበር። ቅባት ሰጧት። ቅባቱ ምንም አልለወጠም።

ልታስቃት የተነሳችው መሬማ ናት። መሬማ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ ስትሆን፣ አጭር፣ ወፍራም፣ ኳስ አቀባይ፣ ቀልደኛ ነች። የጓደኛዋ ዝምታ ሥራዋን የሰደበባት ያህል አናደዳት። ጋሽ ሙሄ ሲያስነጥሱ እንዴት እንደሆነ አስመስላ አሳየቻት። የሻረግ ምላሷን ነከሰች። ቁምጣዋን ገልብጣ ለብሳ ሜዳውን ዞረች። የሻረግ መሬት መሬት አየች። መጨረሻ ላይ መሬማ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ አጠገቧ ተቀመጠች።

«በአላህ፣ እኔ ማሳቅ አቅቶኝ ነው ወይስ አንቺ መሳቅ ተከልክለሽ ነው?»

የሻረግ ለመመለስ አፏን ከፈተች። ከምንም በፊት ግን እጇ ላይ ያለውን አብሮ ነበር ያየችው። መሬማም አየችው። ከዚያ በኋላ ለጊዜው አልቀለደችም።

ነገሩ የፈነዳው ቡድኑ ኮምቦልቻ ወርዶ የሚጫወትበት ቅዳሜ ሲቃረብ ነው። የዓመቱ ትልቁ ጨዋታ ነበር። ይመር፣ «ኮምቦልቻ ማን አለሽ?» አላት።

«ማን ይኖረኛል? ጨዋታ ነው።»

«እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልብሽ እንደ ከበሮ ሲመታ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ላየው ነው? ምረጪ። ወይ እኔ ወይ ኳስሽ።» ይህን ሲል እጇን ይዞ ነበር። የያዘበት ቦታ ቆይቶ ጠቆረ።

የሻረግ ለጋሽ ሙሄ አሞኛል ብላ ላከች። ዓርብ ከሰዓት መሬማ ብርቱካን ይዛ፣ በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው፣ ቤቷ ድረስ መጣች። ብርቱካኑን እየላጠች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ምንሽን ነው ያመመሽ?»

«ሁለመናዬን።»

«ይመር ሲደውልልሽ ሆድሽ ምን ይላል?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ይወድሻል ወይ ብለዋታል፤ ትወጂዋለሽ ወይ ብለዋታል። የሻረግ የአንሶላውን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠመጠመች።

«ይጨብጠኛል» አለች በመጨረሻ። «ምን አጥፍቼ ይሆን እላለሁ።»

«እኔ ስመጣስ?»

«አንቺ ስትመጪ... ርቦኝ እንደነበር አስታውሳለሁ።» የብርቱካኑን ቁራጭ ተቀብላ በላች። ከዚያ አለቀሰች። ማልቀስም ልብ እንደሚያስሮጥ ትዝ ሲላት ደንግጣ ልታቆም ሞከረች። መሬማ ግን እጇን ይዛ፣ «ይምታ ተይው» አለቻት። «ልብ እኮ ነው፤ ምን ያድርግ?»

አብረው ወደ ቲቸር ብሌን ሄዱ። ቲቸር ብሌን የትምህርት ቤቱ አማካሪ ናቸው፤ ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ የነጣ፣ ድምፃቸው የማይጮህ ሴት። የሻረግ የጠቆረውን እጇን አሳየቻቸው። እሳቸው አልጮሁም፤ «እንዴት ታገሽ?» ብለውም አልወቀሷት። ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠጉ።

«እኛ ልጆች ሳለን ስልክ የሚባል ነገር ነበር» አሉ። «የይለፍ ቃልህን ካልሰጠኸኝ አትወደኝም እንባባል ነበር። ዕቃው ይለዋወጣል እንጂ ነገሩ ያው ነው። ልጄ፣ የሚወድሽ ሰው የት እንደዋልሽ ሊጠይቅሽ ይችላል። መልሱን ፈርተሽ የምትመልሺ ከሆነ ግን ያ ፍቅር አይደለም፤ ጥበቃ ነው። የእስረኛ ጥበቃ።»

«ቲቸር፣ ጥሩም ነገር አለው እኮ» አለች የሻረግ። እየተከላከለችለት መሆኑ ራሷንም ገረማት።

«ይኖረዋል። ባይኖረው አንቺ መቼ ትወጂው ነበር? መወሰን ያንቺ ነው። እኔ የምልሽ ብቻሽን አትወስኚው፤ ብቻሽንም አትንገሪው። ሰው ባለበት፣ በቀን፣ የሚወዱሽ ሰዎች አጠገብሽ ሆነው ይሁን። ደግሞ ዛሬውኑ ለእናትሽ ትነግሪያታለሽ።»

እናቷ ከሥራ ስትመለስ የሻረግ ነገረቻት። ኤልሻዳይ የለበሰችውን የሥራ ኮት ሳታወልቅ ሰማቻት።

«ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም?»

«ደስ ብሎሽ ነበር፣ እማ።»

ኤልሻዳይ የልጇን እጅ ይዛ የጠቆረውን ቦታ በአውራ ጣቷ ቀስ አድርጋ ዳበሰችው። «ነገ ፈቃድ እወስዳለሁ» አለች። «ኮምቦልቻ አብረን እንወርዳለን። ለጋሽ ሙሄ ድኛለሁ በያቸው።»

ያን ዕለት ማታ ይመር ሲደውል የሻረግ ነገ እንደምትጫወት ነገረችው። እናቷ አጠገቧ ነበረች። ሌላውን የሚነጋገሩት ሰኞ ቲቸር ብሌን ባሉበት እንደሆነም ነገረችው። ይመር ዘጋባት።

ቅዳሜ ኮምቦልቻ ሞቃት ነበር። ሜዳው ዙሪያውን በሰው ተሞልቷል፤ ኤልሻዳይና ቲቸር ብሌን ከቡድኑ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ የኮምቦልቻ ልጆች ከበሮ ይመታሉ፤ ሸንኮራ የሚሸጡ ሴቶች በሰው መሀል ይሽሎከሎካሉ። የሻረግ ለመጀመሪያዋ ኳስ እንደ ልማዷ ግማሽ ዘለለች። ኳሷ መረቡን መታች። ከጀርባዋ መሬማ፣ «ሌላኛው ግማሽሽ ደሴ ቀርቶ ነው?» ብላ ጮኸች። ለሁለተኛው ኳስ የሻረግ ሙሉውን ዘለለች።

አብሮው እጇ ላይ ተንቀጠቀጠ። ቀዩ ደመቀ። ልቧ እንደ ከበሮው ይመታ ነበር፤ ከከበሮው ጋር እኩል። ዘለለች፣ ወደቀች፣ ተነሳች፣ አሁንም ዘለለች። ማሰሪያው እጇን ሲነዝራት ፈራች፤ እየፈራችም ዘለለች።

ይመር የደረሰው ሦስተኛው ዙር ላይ ነው። ሰዉን እየገፋ መስመሩ ድረስ መጣ። ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል፤ የእሱም አብሮ እየበራ ነው።

«የሻረግ! ነይ ውጪ!»

ዳኛው ፊሽካ ነፉ። ይመር ሜዳው ውስጥ ገብቶ እጇን ያዛት፣ ያችኑ የጠቆረችውን። «ስንት ጊዜ ነው የሚመታው? ማንን አይተሽ ነው?»

ከበሮው ቆመ። የሻረግ ይህንን ሁሉ ሰው አየች፤ ከዚያ እሱን አየችው። ስታስበው የነበረው ረጅም ንግግር ሁሉ ጠፋባት። የቀረላት እውነቱ ብቻ ነበር።

«ልቤ የመታው ስለሮጥኩ ነው» አለች። «ልቀቀኝ፣ ይመር። እየተጫወትኩ ነው። ካሁን በኋላ ካንተ ጋር አይደለሁም።»

አልለቀቃትም። ያኔ ጋሽ ሙሄ በመሀከላቸው ገቡ፤ አልገፉትም፣ እንደ ግድግዳ ቆሙ እንጂ። ቡድኑ በሙሉ ከኋላቸው ተሰበሰበ። ኤልሻዳይ መጥታ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከልጇ እጅ ላይ አነሳች። «እናትህ ብትሆን ይህን አይታ ትቆማለች?» አለችው። ቲቸር ብሌን ደግሞ ክንዱን ያዝ አድርገው፣ «ና ልጄ፣ ከእኔ ጋር ተቀመጥ» አሉት። ይመር ዙሪያውን ሲያይ፣ ሰው ሁሉ እያየው እንደሆነ ያኔ ገና የገባው መሰለ። ተከትሏቸው ሄደ።

የሻረግ እጇን ዘረጋች። «አውልቁልኝ» አለች።

«የሱ አውራ ጣት ካልተጨመረ አይፈታም» አለች አንዷ ተጫዋች።

ጋሽ ሙሄ ፋሻ የሚቆርጡበትን መቀስ ከቦርሳቸው አወጡ። ዙሪያቸው የቆሙት ልጆች ትንፋሻቸውን ዋጡ። አብሮን የሚሠራው ኩባንያ አይቆረጥም ይል ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ የሞከረ አልነበረም። ጋሽ ሙሄ ቆረጡት። እንደ ማንኛውም ጨርቅ ቀጭ ብሎ ተቆረጠ።

ወዲያው የኤልሻዳይ እጅ ላይ ያለው መልእክት መቀበያ ተናገረ፤ ድምፁ የተለሳለሰ የሴት ድምፅ ነው። «ውድ ደንበኛችን፣ የልጅዎ አብሮ ተቋርጧል። እባክዎ ልጅዎ ደህና መሆኗን ያረጋግጡ።»

ኤልሻዳይ ከፊቷ የቆመችውን፣ በላብ የራሰችውን፣ ጉልበቷ የተላጠውን ልጇን ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ደህና ናት!» ብላ ወደ እጇ ጮኸች። «ከመቼውም ይልቅ ደህና ናት!»

መጀመሪያ በሳቅ የፈነዳችው መሬማ ናት። ከዚያ ቡድኑ፣ ከዚያ ሸንኮራ ሻጮቹ፣ ከዚያ የኮምቦልቻ ተጫዋቾችም ጭምር። የሻረግ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች። ዳኛው ጨዋታ በማዘግየት ማስጠንቀቂያ ሰጧቸው።

ጨዋታውን ተሸነፉ። የመጨረሻዋን ኳስ ከሜዳ ውጪ የመታችው ራሷ የሻረግ ነበረች። ገመዱ ውስጥ ሆነው ሐረጎን ሲሻገሩ ግን እንደ አሸናፊ ነበር የዘፈኑት፤ የመስታወቱ ክፍል እስኪወዛወዝ ድረስ። ኤልሻዳይ እንደ ተቆጣጣሪ ልትቆጣቸው ይገባት ነበር። ከማጨብጨብ ጊዜ አላገኘችም።

እንዲህ በአንድ መቀስ ሁሉ ነገር አለቀ ማለት አይደለም። የሻረግ ለብዙ ጊዜ ባዶ እጇን ታይ ነበር። አንዳንድ ቀን ይመር ይናፍቃታል፤ መናፈቋ ያሳፍራታል። እሱም በሰው በሰው ይልክባት ነበር፤ አንዴ ይቅርታ፣ አንዴ ስድብ፣ አንዴ ያላንቺ አልኖርም የሚል። ያንን ስትሰማ ሮጣ የሄደችው ወደ እሱ ሳይሆን ወደ ቲቸር ብሌን ነው። እሳቸው ወላጆቹን ጠሩ። ትምህርት ቤቱ ይመር ወደ እሷ እንዳይቀርብ አዘዘ፤ በየሳምንቱ ከጋሽ ሙሄና ከሌሎች ወንዶች ልጆች ጋር እየተቀመጠ እንዲነጋገርም አደረገ። ቆይቶ፣ የሻረግ ስትርቀው እንደምትጠፋበት እየፈራ እንቅልፍ አጥቶ ያድር እንደነበር ተናገረ። ጋሽ ሙሄ፣ «ፍርሃቱ ያንተ ነው፤ ለምን እሷን አሸከምካት?» አሉት። ይመር ጥያቄውን ይዞት ወደ ቤቱ ሄደ።

ቡድኑ በሚቀጥለው ወር ክፍል ለክፍል የሚዞር አጭር ተውኔት ሠራ። ሐሳቡ የመሬማ ነው፤ ዋናዋ ተዋናይም እሷው ናት። ቀይ አንሶላ ተጠቅልላ አብሮን ሆና ትጫወታለች። አንዲት ልጅ ስትበላ ከጎኗ፣ ስትማር ከጎኗ፣ ሽንት ቤት ስትገባ በሩን ከፍታ፣ «ልብሽ ለምን መታ?» ትላለች። ተማሪው በሳቅ ይሞታል። ከዚያ ልጅቷ ቀስ በቀስ መንቀሳቀስ ስታቆም፣ መጨረሻ ላይ ወንበሯ ላይ ድርቅ ብላ ስትቀር፣ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ያኔ የሻረግ ትነሳና የሆነባትን በራሷ አፍ ትናገራለች። በጨረሰች ቁጥር አንድ ሁለት ልጅ በሩ ላይ ይጠብቃታል፤ ከወንዶችም ነበሩ። አንዱ እጅጌውን ሰብስቦ፣ «እኔንም የምትጠብቀኝ ሴት ናት፤ ሰው ይስቅብኛል ብዬ ነው ያልተናገርኩት» አላት። የሻረግ አልሳቀችበትም። ቲቸር ብሌን ጋ አብራው ሄደች።

ደርበው የመጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ዛፍ ተከላ ላይ ተዋወቁ፤ ጉድጓድ ሲቆፍር ሁለት ጊዜ የራሱን እግር የመታ፣ ረጅም ልጅ። እጁ ላይ ምንም አላሰረም፤ እንሰር ብሎም አልጠየቃትም። አንድ እሑድ ከሰዓት ጣቢያው አጠገብ ካለው ሜዳ ላይ ሊገናኙ ተቀጣጠሩ።

የሻረግ በጣም ዘገየች። ኮምቦልቻ አክስቷ ጋ ወርዳ ስትመለስ ነፋስ ተነስቶ ገመዱ መሀል ላይ ቆመ፤ ተንጠልጥላ ቀረች። ከገመዱ ስትወርድ እየሮጠች ነበር። እየሮጠችም መልሷን ትደረድራለች፦ የት እንደነበረች፣ ማን አብሯት እንደተሳፈረ፣ ለምን መልእክት እንዳልላከች። ሆዷ ውስጥ ያ የድሮው እጅ እንደገና ሲጨብጥ ተሰማት። ሜዳው ዳር ስትደርስ ትንፋሿ ተቆራርጦ ልቧ ጆሮዋ ውስጥ ይመታል።

ደርበው ሣሩ ላይ ተቀምጦ፣ የተጠበሰ በቆሎ እየጋጠ ነበር፤ አጠገቡም ሁለት የተጋጠ ቆረቆንዳ ወድቋል። ቀና ብሎ አያት። የሻረግ ጥያቄውን ቆማ ጠበቀች።

«ዘገየሽ» አላት። «ያንቺንም በልቼዋለሁ፤ ይህ ሦስተኛዬ ነው። ነይ፣ ሌላ እንግዛ።»

ሱሪውን አራግፎ ተነሳ። የሻረግ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። እሱ ወደ በቆሎ ጠባሿ መሄድ ጀምሮ ዞር አለና፣ «ምነው፣ ደከመሽ እንዴ? ቀስ እያልን እንሂድ» አላት።

«አልደከመኝም» አለች የሻረግ። ደርሳበት ጎን ለጎን መራመድ ጀመረች። ትንሽ ከሄዱ በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ምን እንደገጠመኝ ታውቃለህ?» ብላ ሰማይ ላይ ተንጠልጥላ የቀረችበትን ታሪክ ከመጀመሪያው ትነግረው ጀመር።